አሥራ አንድ ስም ያለበት ማመልከቻ

ቲቸር የትምወርቅ ማመልከቻ ልታስጽፍ ሱቄ ስትገባ ለጠብ የመጣች ትመስል ነበር። እኔ ሶዶ ውስጥ፣ ከመንግሥት ቢሮዎች ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት እሠራለሁ። አቤት ባይ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል፤ አብዛኛው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ጻፍ" አለችኝ፣ እንደ ተማሪዋ።

አሥራ ሦስት ዓመት ያስተማረችበትን ሥራ የተወችው በልጇ ምክንያት ነው። ትንሳኤ የሚጥል በሽታ አለባት። ሁለተኛ ክፍል ሳለች ክፍል ውስጥ ወደቀች፤ ልጆቹ ሸሹ፣ አስተማሪዋም አብራ ሸሸች። በማግስቱ ርእሰ መምህሩ "ሲሻላት ትመለስ" ብሎ ደብተሯን በሰው ላከ። እንደ ጉንፋን በሳምንት የሚለቅ መስሎት ይሆናል፣ ደንቆሮ። የትምወርቅ ልጇን ቤት አስቀምጣ ማስተማር ጀመረች። ወሬው ሲሰማ ትምህርት ቤት ፊቱን ያዞረባቸው ሌሎች ወላጆችም መጡ። ከሁምቦ የመጣው ባለጋሪ ዳልጮ መራመድ የማይችል ልጁን በየጠዋቱ በራፏ ላይ ያወርድ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ልጆቹ አሥራ አንድ ደረሱ።

ትንሳኤ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት የስምንተኛ ክፍልን መጻሕፍት ጨርሳ ነበር። ለፈተና ለመቀመጥ ግን የትምህርት ቤት ማኅተም ያረፈበት ፎርም ይጠየቃል። ፈተናውን ካልወሰደች ዘጠነኛ ክፍል የለም፤ የስድስት ዓመት ልፋት እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። በዚያው ሰሞን አዲስ የትምህርት ደንብ እየተረቀቀ ነው፣ ሕዝብ ሐሳብ ይስጥበት ተባለ። የትምወርቅ የፈለገችው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ቤት ውስጥ የተማረ ልጅም ይፈተን የሚል።

"የልጆቹ ቁጥር ይበቃል፣ ስም ምን ያደርጋል?" ብላት ተቆጣችኝ። አባቷ ዱቡሻ ላይ፣ ያ ሕዝብ ተሰብስቦ ነገር በሚሰማበት ሜዳ፣ ቆመው ሲናገሩ እያየች ያደገች ሴት ናት። እዚያ አቤት የሚል ሰው አስቀድሞ ስሙን፣ የአባቱን ስምና መንደሩን ይናገራል፤ ማንነቱን የደበቀ ሰው ጉዳዩ አይታይለትም። እኛ ሌባ አይደለንም፣ ለምን እንደበቃለን አለችኝ። እኔም ጻፍኩ። የየልጁን ስም ከነአባቱ፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን፣ ትምህርት ያቋረጠበትን ክፍል በሠንጠረዥ አሳምሬ አስገባሁ። ተራ ቁጥር አንድ ትንሳኤ ናት። ወላጆቹ ሁሉ ፈረሙ፣ መጻፍ የማይችሉትም አሻራቸውን አኖሩ።

የምክር ቤት ተወካያችን የተከበሩ አቶ ኤልሳዕ በውይይቱ ዕለት አዳራሽ ውስጥ ማመልከቻውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዳልጮ ተነስቶ "የኔ ልጅ እግሩ አይሄድም፤ ጭንቅላቱ ግን ይሄዳል" ሲል ሰዉ አጨበጨበ። ተወካዩ ሠንጠረዡን አገላብጠው እንዲህ የተሟላ መረጃ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። የትምወርቅ ፊቷ በራ። እኔም ምን እዋሻለሁ፣ በሠንጠረዤ ኮራሁ።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ በደብዳቤ ሳይሆን በእግሩ። ከትምህርት ቢሮ የተላኩ ሦስት ሰዎች የሠንጠረዤን ኮፒ ይዘው ከበራፍ በራፍ ዞሩ። ከትምህርት ገበታ የራቁ ሕጻናትን የመመለስ ዘመቻ ተጀምሮ ነበር፤ ለዘመቻው ስም ዝርዝር ሲጠየቅ የተከበሩት ሰውዬ የእኛን አስረከቡ። የትምወርቅን ጥቁር ሰሌዳ ነቅለው ወሰዱት፤ ዳግመኛ ብታስተምር እንደምትከሰስም አስፈረሟት። ሰርተፍኬት ስለሌለ እያንዳንዱ ልጅ ካቋረጠበት ክፍል ይቀጥል ተባለ፤ ያቋረጠበትን ክፍል ደግሞ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ለዳልጮ ልጅ የደረሰው ክፍል ፎቅ ላይ ነው። አባቱ ሁለት ቀን ተሸክሞት ወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ጋሪው ሄደ፣ ልጁም ቤት ቀረ።

ተወካዩ በጉባኤው ላይ አሥራ አንድ ሕጻናት ወደ ትምህርት ገበታ መመለሳቸውን ሪፖርት አቀረቡ። ጭብጨባውን ሱቄ ሆኜ በሬዲዮ ሰማሁት።

ትንሳኤ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ጉልበቷ ከዴስኩ በታች ስለማይገባ ወደ ጎን ዞራ ትቀመጣለች። የስምንት ዓመት ልጆች እየሳቁ "እትዬ" ይሏታል። አልጀብራ የምትሠራ ልጅ ከእነሱ ጋር እየጮኸች ማባዛት ትቆጥራለች። በመጀመሪያው ሳምንት ወደቀች። አስተማሪው ልጆቹን አስወጥቶ በሩን ከውጭ ዘጋባትና እስኪያልፍላት ጠበቀ። ስትነቃ ግንባሯ ደምቶ ነበር፣ ክፍሉም ባዶ።

ባለፈው ማክሰኞ እናትና ልጅ አብረው መጡ፤ የልጄ ስም ከዝርዝሩ ይሰረዝልኝ የሚል ማመልከቻ ለማስጻፍ። አድራሻውን ለማየት የድሮውን ፋይል ከፈትኩት። ትንሳኤ ከኋላዬ ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ፊርማዎቹ እስካሉበት ድረስ። ከዚያ እናቷን ሳታይ ጠየቀች።

"እማ፣ የኔን ስም ለምን ጻፍሽ?"

"ኮርቼብሽ ነው" አለች የትምወርቅ።

ልጅቷ ወጥታ በረንዳው ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። የትምወርቅ ተነስታ ተወው አለችኝ፤ የልጅቷ ስም እንደገና የሚጻፍበትን አዲሱን ማመልከቻ ሳንጀምረው ሄዱ።