አንቱ የሚባለው ፊደል

ምራቴ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ድምጿ ከክፍሉ አልፎ ሜዳው ድረስ ይሰማል፤ የቀኝ እጅጌዋ ምንጊዜም ጠመኔ ጠመኔ ነው። ስታፍር አንገቷ ላይ ቀይ ምልክት ይወጣባታል፤ ሻርፕ የምታዘወትረው ለዚህ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አማርኛውን ማንበብ ስለምድ እንግሊዝኛውም አማረኝ። «እማማ፣ ይምጡና ከኋላ ይቀመጡ» አለችኝ ምራቴ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለኝ ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ጋር እማራለሁ። ልጆቹ «አዲሷ ተማሪ» ይሉኛል።

ያን ሰሞን የሚማሩት ትልቅና ትንሽ ፊደል ነበር። የእኛ ሀ መጀመሪያም ላይ መሃልም ላይ ያው ሀ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሌላ ጣጣ አለው። የበዓል ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ በጋ እና ክረምት በትንሽ። «ወደ ሰሜን ሂድ» ሲባል ሰሜን በትንሽ ይጻፋል፤ የአገር ስም ሲሆን በትልቅ። ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ እኔም አብሬ ግራ ገባኝ። አንድ ጠዋት ምራቴ ጠመኔውን አስቀመጠችና፣

«በቃ፣ ስሙኝ! ትልቅ ፊደል ማለት አንቱታ ነው። እነሱ አንቱ የሚሉት በፊደል ነው» አለች።

ወዲያው የሁሉም ፊት በራ።

«በዓልን አንቱ ነው የምንለው?»

«አዎ። በዓል ተጠርቶ የሚመጣ እንግዳ ነው።»

«ክረምትንስ?»

«ክረምት ሳይጠሩት ዘው ብሎ ገብቶ ቤት የሚያበሰብስ ነው። አንተ ይበቃዋል።»

«ሰሜንስ፣ ቲቸር?»

«በጣት ስትጠቁሙት አንተ በሉት። ሰው የሚኖርበት አገር ሆኖ በስሙ ስትጠሩት አንቱ።»

ከፊት ዴስክ አንዲት ልጅ ተነሳች። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ናት፤ መጠየቅ ስለማይሰለቻት ጓደኞቿ «ጥያቄ» ይሏታል።

«ቲቸር፣ "እኔ" የሚለውም ሁልጊዜ በትልቅ ነው። እነሱ ራሳቸውን አንቱ ይላሉ እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ይላሉ፣ ምን ይደረግ!» አለች ምራቴ፣ እሷም እየሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ አይሳሳቱም። ምራቴ በደስታ የምታደርገውን አጣች፤ ወላጆች ክፍሉን ሊጎበኙ ሲመጡም ይህንኑ ትምህርት ልታሳያቸው ቆረጠች።

የጉብኝቱ ቀን ዳይሬክተሩ ከፊት ተቀመጡ። ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የጥያቄ እናት ሰማያዊ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ባልዲዋን እግሯ ሥር አድርጋ ከበሩ ሳታልፍ ቆመች። ምራቴ ልጅቷን ወደ ሰሌዳው ጠራቻት። ጥያቄ ተንጠራርታ በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ ወደ እኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ በክረምት የዳይሬክተሩን ቢሮ ታጸዳለች። ቢሮው ከክፍላችን በስተሰሜን ነው።»

ክረምት በትንሽ፣ ሰሜንም በትንሽ፤ ልክ ነው። ሰው አጨበጨበ። ዳይሬክተር የሚለው ግን በትልቅ ፊደል ተጽፏል። እሱ ስህተት ነበር፤ ምራቴ እሳቸው ፊት ከምታርመው አይታ እንዳላየች ልታልፈው ፈለገች። ያላለፈው አንድ ቀልደኛ አባት ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ዳይሬክተሩን በትልቅ ጽፈሽ እናትሽን ምነው አሳነስሻት?»

ሰው ሳቀ። ጥያቄ አልሳቀችም። ትምህርቷን እንደምታውቅ ልጅ ቀጥ ብላ፣

«ትልቁ አንቱታ ነው። ዳይሬክተሩን ሁሉም አንቱ ይሏቸዋል። እናቴን ግን እዚህ አንቱ የሚላት የለም። ቲቸርም አንቺ ነው የሚሏት» አለች።

ሳቁ እልም አለ። የምራቴ እጅ ወደ ሻርፗ ሄደ፤ ቀዩ ግን ከሻርፑ አልፎ ጆሮዋ ደርሷል። በሩ ላይ የነበረችው እናት ባልዲዋን አንስታ ወጣች። እኔ ዓይኔን ደብተሬ ላይ ተከልኩ፤ የምራቴን ፊት ማየት አልቻልኩም።

ቤት ስንገባ ሻርፗን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«እማማ፣ ሁሉም እኮ አንቺ ነው የሚላት።»

«በዕድሜ ማን ይበልጣል?»

«እሷ። ታላቅ እህቴን ታህላለች።» የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «"የጽዳቷ፣ ነይ! የጽዳቷ፣ ይሄን ጥረጊ!" ስል ነው የኖርኩት። ልጅቷ እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ! ነገ በየት በኩል አያታለሁ?»

ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት፤ አልጠጣችውም።

በማግስቱ ክፍል ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ትምህርቷን ማረም ነው። «ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ። ትልቅ ፊደል የአክብሮት አይደለም፣ የስም ነው። በዓል ስም ስላለው ነው በትልቅ የሚጀምረው። ጥያቄ፣ እናት የሚለውን በትንሽ መጻፍሽ ትክክል ነበር፤ የሚታረመው ዳይሬክተር ነው።»

«እና አንቱ የሚባለው በምንድን ነው?» አለች ጥያቄ።

«በአፍ ነው» አለች ምራቴ፣ ድምጿ እኔ ያለሁበት ኋለኛው ዴስክ በጭንቅ እየደረሰ።

ይህን ስትል በሩ ተንኳኳና የጥያቄ እናት የቆሻሻውን ቅርጫት ልትወስድ ብቅ አለች። ምራቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይግቡ» አለቻት።

ሴትየዋ ከኋላዋ የመጣ ሰው ያለ መስሏት ዞር ብላ አየች። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ወደ ምራቴ ተመለሰች፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ቲቸር፣ ተቀየሙኝ አይደል? ትናንት ቤት ወስጄ ቀጥቻታለሁ። ሁለተኛ አትናገርም።»

«ኧረ አልተቀየምኩም! እርስዎን እኮ...»

«በእናትዎ፣ አያሽሙሩብኝ» አለች፣ ልጆቹ እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ ግን ሁላችንም ሰማናት። «በፊት እንደሚሉኝ ይበሉኝ። ልጄ ትማርልኝ እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ።»

ቅርጫቱን አንስታ ወጣች። ጥያቄ ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ ደፍታ ነበር። ምራቴ ወደ ሰሌዳው ዞራ ብዙ ቆየች፤ የምትጽፈው ግን አልነበራትም።

ምራቴ «አንቺ» ወደ ማለት አልተመለሰችም። ዛሬም በሩ ሲንኳኳ «ይግቡ» ትላለች፣ ቀዩ አንገቷ ላይ እየወጣ። ሴትየዋ አንዳንድ ቀን ትገባለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቃሉን እንዳልሰማች ሆና፣ እኛ ወጥተን ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ኮሪደሩ ላይ ትጠብቃለች።