ክንፍ ያላት የዋልነት ዘመድ

የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ሆነው ሳለ፣ አንዷ ፍሬዋን በክንፍ ስታበር ሌላዋ ለምን እንደ ድንጋይ ትጥላለች? እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ነገሩን ያመጡት ኦሃዮ ውስጥ ባለችው ዋይትሆል ከተማ፣ ከእኔ በላይ ባለው አፓርትመንት የሚኖሩት የወሎዋ እትዬ ናቸው። በፈረንጆቹ 2021 ቅጠል ሲቀላ፣ ልጃቸውን ሊድሩ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ፓርኪንጉ ላይ ካለችው ዛፍ የወደቀውን ፍሬ አረንጓዴ ልጣጭ ቀጥቅጠው እንደ እንሶስላ ሞቁት። እንሶስላ ያቀላል፤ ይኼ አጠቆረ። እስከ አንጓቸው ድረስ ከሰል ያቦኩ መሰሉ።

«አንቺ መጽሐፍ ከእጅሽ አይጠፋ፣ ምን ዓይነት ዛፍ ናት ይቺ? በምን ይለቃል?» አሉኝ። «ልጄማ ‹ማም፣ ጓንት አድርጊ› አለችኝ። በጓንት ልዳራት?»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያላረጋገጥኩትን አልናገርም። ኦቤትስ ከተማ ከምሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ኦፍ በሆንኩበት፣ ሥራ በሌለኝ ቀን ላይብረሪ ገባሁ። ዛፏ ጥቁር ዋልነት የምትባል፣ ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ፍሬ የምትጥል ናት፤ ቀለሟ ታጥቦ አይለቅም፣ ቆዳው እስኪታደስ መጠበቅ ነው። መጽሐፉን ልዘጋ ስል ዘመዶቿን አየኋቸው። ኤንግልሃርዲያ! በሞቃታማው እስያ የሚበቅሉ ዛፎች፤ ፍሬያቸው ጥቃቅን፣ እያንዳንዷ እንደ ጣት በሦስት የተከፈለ፣ ባለ ሦስት ዘርፍ ክንፍ ያላት፣ በረጅሙ ተንዠርግገው ነፋስ የሚጠብቁ። ሳላስበው ብድግ አልኩ፤ ወንበሩ ጮኸ፣ ሰው ዞረ።

ለማን ልንገር? ሥራ ቦታ አንድ ቀን ስለ ዛፍ ባነሳ «ይቺ ደግሞ ኦሃዮ ድረስ መጥታ ገበሬ ልትሆን ነው» ተብሎ ተስቆብኛል። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን በሆዴ መያዝ ለምጄ ነበር። ይኼ ግን አልያዝ አለኝ።

በሠርጉ ጠዋት በራቸውን አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ አይለቅም።»

«ያ አላህ!»

«ግን ዘመዶች አሏት! ክንፍ ያላቸው!»

ክንዴን እያርገበገብኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ እስያውን፣ ነፋሱን፣ ሦስቱን ዘርፍ። እጃቸውን ገለበጥ አድርገው አዩት፣ ከዚያ እኔን።

«እንዲህ መናገር እያወቅሽ ነው እንዴ ዝም የምትይው?» አሉና ሳቁ። «በይ ልበሺ። ጓንቱን ትቼዋለሁ። ዛሬ ከጎኔ ትቀመጫለሽ፤ እጄን አይቶ ለጠየቀ ሁሉ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»