ማሽላችን ዳር ያረፉት የባሕር ወፎች

የባሕር ወፍ ባሕር በሌለበት መርሳ ላይ ምን ይሠራል ብትሉኝ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ዓይኔን አላመንኩትም ነበር። ጥቅምት ገባ አልገባ የሚባልበት ሰሞን ነው። ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ማሽላችን እሸት ይዟል። ከማሽላው በታች ደግሞ ማሽላቸው ከእኔ ማሽላ የሚዋሰን ጎረቤቴ፣ አንድ ትልቅ ሴት፣ ለሽምብራ የሚሆን መሬት እያሳረሱ ነበር። ከበሬዎቹ ኋላ ነጫጭ ወፎች ሲከተሉ አየሁና ሳቢሳ መስለውኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሳቢሳማ መቼም በሬ ካየ አይለቅም፣ ምን ይገርማል?

በኋላ አንዱ ክንፉን ዘረጋ። ኧረ ክንፍ! ከጀርባው ዝናብ እንዳዘለ ደመና የጠቆረ፣ ራሱና ሆዱ ወተት የመሰለ፣ ምንቃሩ ቢጫ ሆኖ ጫፉ አካባቢ ቀይ ነጥብ ያለበት። ይህን ወፍ አውቀዋለሁ። ሳዑዲ ሠርቼ የተመለስኩ ሴት ነኝ፤ ስሄድ የሄድኩት በጅቡቲ በኩል፣ በጀልባ ነው።

ማሽላ ሲያሽት የእኛ አገር ሰው ክንፍ ያለው ሁሉ ጠላቱ ነው። ማሳ መሐል ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ይሠራና እዚያ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ማታ ግሪሳ ሲያባርር ይውላል። ከጎናችን ያለው ገበሬም ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፉን ማሽከርከር ጀምሮ ነበር።

«ተው! እንዳትወነጭፈው!» ብዬ ጮህኩ። «የባሕር ወፍ ነው!»

«የምን ባሕር?» አሉ ጎረቤቴ ከማሳው ዳር።

እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፋል! «እኛ የተሻገርነው ባሕር ነዋ! ልጅዎ የሄደችበት!» አልኳቸው።

ምላሴን በቆረጠው። ልጃቸው ክረምት መሐል ላይ ለማንም ሳትናገር ከጓደኞቿ ጋር ወጥታለች። «ጅቡቲ ደርሰናል፣ ጀልባ እየጠበቅን ነው» ብላ ከደወለች ወዲህ ድምጿ የለም። በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መንደሩ ሁሉ እሳቸው ፊት ባሕር የሚለውን ቃል ከአፉ አያወጣም ነበር፣ ከእኔ በቀር።

እሳቸው ግን አላለቀሱም። ቀስ ብለው ቀረብ አሉና ወፎቹን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። «አጃኢብ!» አሉ። «ከዚያ ድረስ በረው መጡ?» ከዚያ ወደ ማማው ቀና ብለው፣ «ወንጭፉን አውርድ። እንግዳ በድንጋይ አይቀበሉም» አሉት።

«እማ፣ ማሽላውስ? ግሪሳው ሊጨርሰው እኮ ነው!» አለ ገበሬው ከማማው ላይ።

«ይጨርሰው!»

ትልቅ ሰው ተናግሮ ማን ይመልሳል? ማማ ላይ ያለው ሁሉ ወንጭፉን አወረደ። ግሪሳው ደስታውን አልቻለውም፤ የእሳቸውን ማሽላ ከዳር በኩል ገለባ ብቻ አስቀረው፣ ወደ እኔም ተሻገረ።

በማግስቱ እሸት ጠብሰው፣ አሽተው፣ በሰፌድ ይዘው መጡ። «ብሉ፣ አትፈሩ፣ ቤት ያፈራው ነው» እያሉ ለወፎቹ በተኑላቸው። አንደኛው እህሉን ረግጦ አለፈና ከማሳው ዳር ካለው የመስኖ ቦይ ውስጥ እንቁራሪት አውጥቶ እንዳለች ዋጣት።

«ያ ረቢ! እንቁራሪት!»

«ሥጋ በል ነው እኮ አንቱ!» ብዬ እስክንፈራፈር ሳቅሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ እሳቸው መርሳ ሥጋ ቤት እየሄዱ ለወፎቹ ቁርጥራጭ ይለምኑ ጀመር። ያ ባለ ወንጭፍ ጎረቤታችን ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ድንጋዩን ትቶ ሥጋውን ወንጭፉ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ይተኩሰዋል! ወፎቹ እዚያው አየር ላይ ቀለብ! ሌባው ጭልፊት ዞሮ ሳይደርስ አልቋል። ነፋስ ሲነሳ ሌላው ወፍ ዛፍ ፍለጋ ሲራወጥ እነሱ ፊታቸውን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣ ባሉበት ይንሳፈፋሉ። የአፋርን በረሃ ያለ ውሃ፣ ያለ ጥላ አቋርጦ የመጣ ፍጥረት እኛ ቦይ ዳር ቆሞ ላባውን ሲያስተካክል ሳይ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር፣ የወለድኩት ይመስል።

አንድ ቀን ከሰዓት ቦዩ ዳር ተቀምጠን፣ «ባሕሩ ላይ ክንፉ ሲዝል የት ያርፋል?» አሉኝ።

«ውሃው ላይ ይቀመጣል። ተኝቶም ያድራል።»

«ወላሂ? ውሃ ላይ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሰውስ?» አሉኝ።

ያየሁትን ነገርኳቸው። ጀልባው ላይ እንደ እህል ጆንያ ተደራርበን፣ የሚያስመልሰው እያስመለሰው፣ የሚያለቅሰው እያለቀሰ፣ እነዚህ ወፎች ከላያችን ሲዞሩ አንዱ ተሳፋሪ፣ «አብሽሩ! ይሄ ወፍ ከታየ የብስ ቀርቧል» ማለቱን ነገርኳቸው። እውነትም ቀርቦ ነበር።

«እሷም አይታው ይሆናላ» አሉ።

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ውሸት ነው። እኚህ ሴት ያላዩት ባሕር ሲናፍቃቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ወፎቹ አንድ ጠዋት ተነስተው ወደ ደቡብ ሲሄዱ፣ ከውርጌሳ ከተማ ወዲያ ሰማዩ ላይ እስኪጠፉ ድረስ ቆመው ሸኟቸው።

ሽምብራው በቅሎ አበባ ሲያወጣ ነው የእኔ ስልክ በኢሞ የጮኸው። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ሳዑዲ ገብቻለሁ፤ እማን አቅርቢልኝ» የሚል ቀጭን ድምፅ ስሰማ ጫማዬን ሳላደርግ አጥር ዘልዬ ሮጥኩ። እሳቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸው አለ። እኔማ እሪ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ትንሽ ሲረጋጉ፣ ደኅና ነሽ ወይ፣ ሥራ አገኘሽ ወይ ይሏታል ብዬ ስጠብቅ፦

«ወፎቹን አየሻቸው?» አሏት።

«የምን ወፍ፣ እማ?»

«የባሕሩን! ነጩን፣ ምንቃሩ ላይ ቀይ ያለበትን!»

«ጀልባው ላይ ሸራ አልብሰውን ነበር፣ እማ። ከሰው ሥር ነበርኩ። ባሕሩንም አላየሁት» አለች።

እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ስልኩን ወደ አፋቸው ጠጋ አደረጉት።

«አብሽሪ ልጄ። እኔ አይቼልሻለሁ» አሉና፣ ከክንፉ ተነስተው ይነግሯት ጀመር።