ቬርና ከኮሌጁ በር አልነሳም አለች

ቬርና ታኬት ጦር ሠራዊት ውስጥ የከባድ መኪና መካኒክ ነበረች። ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ስትመለስ ነርስ ለመሆን ተመኘችና ከመንግሥት የትምህርት ብድር ወስዳ አንድ የግል ኮሌጅ ገባች። የኮሌጁ ሰዎች “ሆስፒታሎች ይሻሙብሻል” ብለዋት ነበር። ስትመረቅ ግን ዲፕሎማዋን የሚቀበል ሆስፒታል ጠፋ። ኮሌጁ ለካ ነርስ የማስተማር ፈቃድ አልነበረውም። እኛ ጋራዥ ተቀጥራ ከእኔ ጋር ፍሬን መጠገን ያዘች።

በጊዜው የነበረው ደንብ የተታለለ ተማሪን ብድር ስለሚሰርዝ፣ ዓመታት ተከራክራ የእሷ ተሰረዘላት። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ደንቡን ለወጠው። ከእንግዲህ የሚበደር ተማሪ ቢታለል፣ ኮሌጁ እያወቀ እንደዋሸው ተማሪው ራሱ በማስረጃ ማረጋገጥ አለበት ተባለ። አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ይህን አዲስ ደንብ የሚሽር ውሳኔ አቀረቡ። ቬርና ይህን ስትሰማ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ሴናተራችን ቢሮ ልትሄድ ተነሳች።

“አንቺ ተርፈሻል፤ ምን ቤት ነሽ?” አልኳት።

“ከጉድጓድ የወጣ ሰው ጉድጓዱን ሳይከድን ይሄዳል እንዴ?” አለችኝ። መኪናዬን አስነስቼ አደረስኳት።

የሴናተሩ ረዳት ከረባቱን እያስተካከለ መጣ። “ወይዘሮ ታኬት፣ ሴናተሩ ጉዳዩን በጥሞና እያዩት ነው።”

“አይተው እስኪጨርሱ እዚሁ ነኝ” ብላ ወንበር ሳበች።

ከሰዓት በኋላ ሴናተሩ ራሳቸው ወጡ። “ደንቡ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ለመጠበቅ ነው” አሏት።

“እኔም ግብር ከፋይ ነኝ፣ ጌታዬ። ሌባው እያለ የተሰረቀውን ሰው ማስረጃ አምጣ ማለት የምን ጥበቃ ነው?”

ሴናተሩ አመስግነዋት ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ድምፅ በተሰጠ ቀን ግን ከፓርቲያቸው ተለይተው ደንቡ ይሻር አሉ። ውሳኔው በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ። ጋራዡ ውስጥ አጨበጨብን። ፕሬዚዳንቱ ግን አልፈርምም ብለው መለሱት፤ እምቢታቸውን ለመሻር የሚበቃ ድምፅም በምክር ቤቱ አልተገኘም።

“በቃ፣ አለቀ” አልኳት።

“ለማን ነው ያለቀው?” ብላ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በገበያ ማዕከሉ አጠገብ አዲስ የተከፈተ ነርስ እናስተምራለን ባይ ኮሌጅ በር ላይ ትቆማለች። እኔ ቋሊማ የተጋገረበት ዳቦ ይዤላት እሄዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ የጥበቃው ሠራተኛ፣ “እመቤት፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው” አላት።

“የእግረኛው መንገድ የማነው?”

“የከተማው።”

“እንግዲያው ከተማው ይምጣና ያስነሳኝ።”

ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሱ አዳመጣት፣ መንገዱን አየና፣ “ምንም አላጠፋችም” ብሎ ሄደ። ወዲያው አንዲት ወጣት ለመመዝገብ መጣች።

“እህቴ፣ መጀመሪያ የነርስ ማስተማሪያ ፈቃዳችሁን አሳዩኝ በያቸው” አለቻት ቬርና።

ልጅቷ ገባች። ከአፍታ በኋላ ፊቷ ቀልቶ ወጣችና፣ “ሰኞ እናሳይሻለን አሉኝ” አለች።

“አንቺስ ምን አልሽ?”

“እኔም ሰኞ እመዘገባለሁ አልኳቸው” አለችና ከቬርና ጎን ቆመች።