የጎረቤት ጥጃ

ባለፈው ሰሞን ለከተማችን የኪነት ቡድን አዳራሽ ተሠርቶ ሲመረቅ፣ «አባባ፣ ከመሥራቾቹ የቀሩን እርስዎ ነዎት» ብለው ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። አንዲት ልጅ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፌ አስጠጋችና «ቡድኑ የት ነው የተጀመረው?» አለችኝ። ዓይኔ ላይ የመጣችው ጥጃ ናት።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ ጢሜ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረበት። ላሊበላ ላይ ጥቂት ወጣቶች ሆነን የቀበሌ ኪነት አቋቋምን። ከበሮ አለን፤ ካሳው የሚባል ክራር መቺ አለን፤ ድምፀ መረዋዋ የሺወርቅ አለች። ቤት ግን የለንም። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከስብሰባ አይወጣም፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደግሞ ዘፈን አይታሰብም። በጋውን አውድማ ላይ ስንጨፍር ከረምን። ሐምሌ ሲገባ የከበሮው ቆዳ ረጠበና እንደ ሊጥ ጧ፣ ጧ ይል ጀመር።

«ቤት ካላገኘን መበተናችን ነው» አለ ካሳው።

ይህን ለእናቴ ብነግራት፣ «ታዲያ እዚህ አትመጡም?» አለችኝ።

እናቴ የቄስ ሚስት ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንኳን ዘፈን፣ እልልታም በደጃችን አልፎ አያውቅ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ዘፈኑ አልነበረም፤ ቤታችን ነው። ክብ የድንጋይ ጎጆ፣ እኩሌታው የኛ፣ እኩሌታው የጥጃዋ። በላስታ ብርድ ጥጃ ከሰው ጋር ማደሯ ወግ ነው፤ ማንንም አያስገርም። የሺወርቅ ግን ደሴ ያደገች የጸሐፊ ልጅ ናት። ጫማ ታደርጋለች።

እናቴ ወለሉን በእበት ለቅልቃ፣ የገብስ ቆሎ ቆልታ ጠበቀችን። ካሳው ክራሩን ቃኘ፤ ከበሮው ተመታ፤ እስክስታው ሊጋጋል ሲል ጥጃዋ ከጥግ «እምቧ» አለች።

«ተቀባይ አገኘን» አለ ካሳው። ሁሉም ሳቀ። የሺወርቅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ «አንተ አራጌ፣ የማን ናት? ከናንተ ጋር ነው እንዴ የምታድር?» አለችኝ።

ፊቴ ጋለ። አንገቴን ደፋሁ። እናቴ አየችኝና ሰፌዷን እንደያዘች፣ «የጎረቤት ናት ልጄ፤ ዝናብ ሲመታት ጊዜ አስጠግቻት ነው» አለች።

እናቴ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጥጃዋን በገመድ ስባ ለጎረቤታችን ለአያ ደምሌ በርቢ ሰጠችው፤ እሱ ሊያሳድግ፣ ስትወልድ ሊካፈሉ።

«አትጠገብ፣ ምን ነካሽ?» አላት። «ጡት እንኳ ሳትጥል? ላሚቱስ ጥጃዋን ሳታይ መች ትታለብልሻለች?»

«አፌ የጎረቤት ናት ብሏል። እንግዲህ የጎረቤት ትሁን።»

ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ እሰማለሁ። ወጥቼ «ተዪ እማዬ፣ የኛ ናት እላቸዋለሁ» ማለት ይቻለኝ ነበር። ወደ ቤት ተመለስሁ።

ላሚቱ በረቷ ውስጥ ስትጣራ ሰነበተችና ነጠፈች። ያን ክረምት እናቴ ቂጣዋን በተልባ ስትበላ ከረመች፤ ስለ ወተት አንድ ቀን አላነሳችብኝም። ጥጃዋ በነበረችበት በኩል ደግሞ ጓደኞቼ ድንጋይና ጭቃ ተሸክመው መደብ ሠሩ። ቦታው ሰፋ፤ ሰውም በዛ። በፍልሰታ ጾም አርፈን ስንመለስ ከብልባላ ሳይቀር በእግራቸው የሚመጡ ልጆች ነበሩን። ዝናም ካባራ በኋላ ብልባላ ገበያ ወርደን ዘፈንን፤ ገበሬው እሸት እየሸለመ ሸኘን። በዓመቱ ቀበሌው ስማችንን ሰምቶ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የእህል መጋዘን ለቀቀልን።

ዕቃችንን ስናወጣ የሺወርቅ እናቴን አገላብጣ ሳመቻትና፣ «እትዬ፣ ያቺ የጎረቤት ጥጃ እንዴት ሆነች?» አለቻት።

«ደኅና ናት። ጊደር ሆናለች» አለች እናቴ። ወደኔ አልዞረችም። እኔ ከበሮውን አንግቤ ቀድሜ ወጣሁ።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆነ። ተዋሽተን አናውቅም፤ ያቺ አንዲት ውሸት ግን የኔን እፍረት ለመሸፈን የተዋሸች ናት፤ እሷም እውነት ልታደርጋት ወተቷን ከፈለች። ሰው ይቅር ያለውን ነገር የራስ ልብ ይቅር አይልም።

ልጅቱ አሁንም ድምፅ ማጉያውን እንደዘረጋች ናት።

«እናቴ ቤት ነው የተጀመረው» አልሁ። አጨበጨቡ። ልትወስደው ስትል እጇን ያዝሁት።

«ጥጃዋም የኛ ነበረች።»

አዳራሹ ያረጀ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም የልጅቱን እጅ ለቀቅሁ።