የባሕሩ ውል የጸደቀ ዕለት

ብርጭቆውን ጎረቤቴ ግንባር ላይ የሰበርኩት ምክር ቤቱ ድምፅ ለመስጠት እጅ ሊያወጣ ሲል ነው። ቡታጅራ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስብሰባውን በቴሌቪዥን እያየን ነበር። ሊጸድቅ የቀረበው የመርከብ ሠራተኞችን ከግፍ ይጠብቃል የተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ወንድሜ የውጭ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሲሠራ፣ ሁለተኛው መሐንዲስ የሚባለው አለቃው በብረት ቧንቧ መትቶ ግራ ዓይኑን አፍስሶታል። ከዚያ መጀመሪያ የደረሱበት ወደብ ላይ አውርደው ጣሉት። ከሶ የሚቆምበት ደጅ አላገኘም። ያን ቀን የቀረችውን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ አልነቀለም።

ጎረቤቴ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ቀልድ ካልወረወረ ምሳ የማይወርድለት። "ባሕር የሌለው አገር ስለ መርከብ ይማከራል" ብሎ ሳቀ። "ወንድምህም እዚሁ መስቃን እርሻው ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ዓይኑ አይጠፋም ነበር።"

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ደሙ ሻዩ ውስጥ ተንጠባጠበ። እሱም በርጩማ አንሥቶ የጎን አጥንቴን ሰበረው። ሰው ሲያላቅቀን፣ አፈ ጉባኤው ስምምነቱ በሙሉ ድምፅ መጽደቁን ሲናገሩ ሰማሁ። አፌ ደም እንደሞላ ሳቅሁ። ወንድሜ ግን አልሳቀም።

"ከዛሬ በኋላ ላለው ነው" አለ። "የኔን አይመለከትም።"

በእኛ አገር ደም ፈሶ ዝም አይባልም። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። በተሰበረ ጎኔ ድንጋይ ተሸክሜ ጎረቤቴ እግር ላይ ወደቅሁ። የተሰፋ ግንባሩን እየነካካ ይቅር አለኝ። የሽማግሌዎቹ መሪ፣ ሐጂው፣ ሊመርቁ እጃቸውን ሲዘረጉ ወንድሜ ተነሣ።

"ሐጂ፣ እኔም ተበድያለሁ። የኔንም ስሙልኝ።"

ሰሙት። ማንም አላቋረጠውም። ሐጂው በዳይን ሦስት ጊዜ ሳይጠሩ ነገር አይዘጉም።

"ሰውየው ማን ይባላል?"

"ስሙን አላውቅም። 'ሁለተኛው' ነበር የምንለው።"

ሐጂው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው "ሁለተኛው" ብለው ተጣሩ። ባጃጆች አለፉ። ደገሙ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ጎረቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔ የጎኔን ሕመም ረስቼ ቡጢዬን ጨብጫለሁ፤ የምመታው ሰው ግን አልነበረም።

ወንድሜ "አልመጣም" አለና ተቀመጠ።