የኤሊዋ አምፖል

ኤሊዋ የመርሳ ልጅ ነበረች። አባታችን ከብርቱካን ማሳው ቦይ ዳር አንሥቶ ያሳደጋት፣ ፀሐይ የለመደች ፍጥረት ናት። እሱ ሲያርፍ ወደ ወልድያ ይዣት መጣሁ። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ፤ ድንጋይ ከመርሳ ድረስ ተሸክማ መጣች አሉ። ይበሉ። አባቴ በእጁ ካበላቸው እንስሳት የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

የወልድያ ክረምት ግን አልሆናትም። ሲበርዳት ዐይኗን ትጨፍናለች፤ ጎመን አፍንጫዋ ሥር ባደርግላት እንኳ አትነካም። ስለዚህ ሰፋ ያለ የጣውላ ሳጥን አሠራሁላትና አፈርና ገለባ አነጠፍኩበት። ባንዱ ጫፍ አምፖል አንጠለጠልኩ፤ ሌላውን ጫፍ፣ ሙቀቱ ሲበዛባት እንድትሸሽበት፣ ጨለማ አድርጌ ተውኩት። አምፖሉ የድሮው ነው፤ ውስጡ ክር ያለው፣ ቢጫ የሚያበራው፣ ሲነኩት የሚፋጀው። ዛሬ ሱቁን ሁሉ የሞላው ነጩ፣ ቆጣቢ የሚሉት ነው፤ እሱ ያበራል እንጂ አያሞቅም። የእኔን ሐራ ከተማ ድረስ ሄጄ ከአንድ አሮጌ ሱቅ ነው ያገኘሁት፤ ባለሱቁም የቀረው እሱ ብቻ እንደሆነ ነግሮኛል። ጠዋት አበራላታለሁ፤ ማታ አጥፍቼ ሳጥኑን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ። ሲሞቃት አንገቷን አስረዝማ እግሮቿን ትዘረጋጋለች። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ባለፈው ክረምት መርሳ ያለችው አክስታችን ታመመችና ላስታምማት ሄድኩ። በሽተኛ ወዳለበት ቤት ይዣት መሄድ ስላልሆነልኝ፣ ኤሊዋን አብራኝ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ ተውኩላት። እጇን ይዤ ከአምፖሉ ሥር አደረግሁና ይህ ሙቀት ከጠፋ ትሞታለች አልኳት። በደወልኩ ቁጥር መብራቱ በርቷል፣ ደህና ናት ትለኝ ነበር። እኔም አምኜ አክስቴን አስታምም ነበር።

ስመለስ ሳጥኑ ገና ከበሩ ሲያበራ ታየኝ። ብርሃኑ ግን ነጭ ነው። እጄን ከሥሩ ባደርግ ሙቀት የሚባል የለም። ኤሊዋ ጥግ ላይ ተሰብስባ አፍንጫዋ ተደፍኗል፤ ሳነሣት እግሮቿ ተንጠለጠሉ። ወዲያው ከእህቴ ክፍል የጫጩት ጫጫታ ሰማሁ። በሩን ከፈትኩ። አሳድጋ እንቁላል ልትነግድባቸው ያመጣቻቸው ጫጩቶች፣ ካርቶን ሙሉ፣ ከእኔ ቢጫ አምፖል ሥር ተፋፍገው ይሞቃሉ።

ኤሊዋን ከመካከላቸው አስቀመጥኳት። ጫጩቶቹ ጀርባዋ ላይ ወጡ። ለብ ባለ ውሃ ነከርኳት፣ መልሼም አሞቅኳት። ኤሊ ሞታ ይሁን ተኝታ ቶሎ አይለይም፤ እኔም ተስፋ አልቆረጥኩም። በማግስቱ ጠረኗ ሲለወጥ አመንኩና ጓሮ ቀበርኳት።

ሳታውቅ ነው እንዳልል፣ እህቴ አሳምራ ታውቃለች። የትኛው እንደሚያሞቅ ባታውቅ ኖሮ ለጫጩቶቿ ያን አምፖል ባልመረጠች ነበር። አለቀሰች። ጫጩቶቹ በብርድ ሊያልቁባት ሲሉ ግራ እንደገባት ነገረችኝ። እሱስ ይሁን፣ ሰው ይጨንቀዋል። እኔን ያንገበገበኝ የስልኩ ነገር ነው።

“ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቃል ብትይኝ በዕለቱ እመጣ አልነበር?” አልኳት።

እንባዋን ጠረገች።

“እንዳትመጪብኝ ብዬ ነዋ” አለችኝ።